የሐሴት ሀንዱራ

ዳባሶ በዚያ ዓመት አንዲት ጊደር ተርፋለት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር። ጊደሯን ከበረት ያወጣል፣ ጆሮዋ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ "ይቺ የልጄ ናት" ይላል፣ ሰዉም መርቆ ይበተናል። ግን ያ ክፉ ድርቅ በኬንያዋ ሞያሌ ከሄሉ እስከ ጎዶማ በረት የሚባለውን ሁሉ ባዶ አስቀርቶት ነበር። ዳባሶ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ ጦሙን አላደረም እንጂ፣ የከብት ነገር ከተነሳ እጁ ላይ ከመሪ በቀር ምንም አልነበረም።

ሀንዱራ በኦሮምኛ እትብት ማለት ነው። ልጅ ሲወለድ አባት ለእትብቱ ብሎ የሚሰጠው ከብትም በዚሁ ስም ይጠራል። ከዚያች ቀን ወዲያ ከብቷም የምትወልደውም የልጁ ናቸው፤ አባትየው ቢርበው እንኳ ልጁን ሳያስፈቅድ አይሸጣትም፣ አያርዳትም፣ ክፉ እጁንም አያሳርፍባትም። የራሱን ልጅ ሀንዱራ የነካ ሰው ሞያሌ ውስጥ ከሌባ አይሻልም፤ እንዲያውም ሌባው ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ የሰው ነው የሰረቀው።

ሚስቱ ደስታነሽ በምታምጥበት ቀን ዳባሶ ከኢሲኦሎ ስኳር ጭኖ እየመጣ ነበር። በዲዳ ጋልጋሉ ምድረ በዳ ጥቁር ድንጋይ መሀል አንዲት ቢጫ መኪና ቆማ አየ። አፍንጫዋ ረጅም፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና። አጠገቧ አንድ ፈረንጅ ፊቱ በፀሐይ በርበሬ መስሎ ተቀምጧል። መንገዱ ለአህያ እንኳ የማይመች ሆኖ ሳለ በዚያች ጌጥ አዲስ አበባ ሊገባ አስቦ ነበር፤ ድንጋዩ የማርሽ ሳጥኗን፣ ካምቢዮዋን፣ ሰባብሮ አስቆመው። ዳባሶ በገመድ አስሮ ሞያሌ ድረስ ጎተታት። ፈረንጁ ውሃውን ጠጥቶ፣ ተኝቶ፣ በነጋታው በትንሽ አውሮፕላን ሲሄድ ቁልፏን ዳባሶ መዳፍ ላይ አስቀምጦ "ያንተ ትሁን፣ እኔ በቃኝ" አለው።

ቤት ሲደርስ ሴት ልጅ ተወልዳለች። ሐሴት አሏት።

ዳባሶ ጎረቤቱን ሰብስቦ ቢጫዋን መኪና ለልጁ ሀንዱራ አድርጎ ሰጠ። የአጎቱ ልጅ ጃርሶ፣ በዕድሜም በአዋቂነትም የሚበልጡት፣ በበትራቸው ጎማዋን ነካ ነካ አደረጉና፣ "አንደኛ ሀንዱራ ለወንድ ነው። ሁለተኛ ሀንዱራ ይወልዳል። ይህ ቆርቆሮ ምን ሊወልድ ነው?" አሉ።

ሰው ሳቀ። ዳባሶ የተሳቀበት ጊዜ አፉን መያዝ አያውቅም። "ይቺ መኪና በእግሯ ሄዳ ልጄን ባሏ ቤት ታደርሳታለች!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "የመጀመሪያ መንገዷም የልጄ መንገድ ይሆናል። እሷ ሳትሄድ ልጄም ከቤቴ አትወጣም!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጃርሶ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው "ሰምተናል" አሉ፤ ሽማግሌ ሰማሁ ካለ ደግሞ ሰምቷል።

መኪናዋን አሥር ሰው ሆነው ገፍተው ግቢው ውስጥ ከግራሩ ሥር አስገቧት። አፍንጫዋ ከቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው። ጎማዎቿን አውልቀው በአራት ድንጋይ ላይ አስቀመጧትና እዚያው ቀረች።

ቀረች ማለት ግን ውሸት ነው። ያቺ መኪና ያልሄደችበት አገር የለም።

ሐሴት እግሯ ፔዳሉ ጋ ሳይደርስ ጀምሮ፣ ዳባሶ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አባትና ልጅ መኪናዋ ውስጥ ይገባሉ። እሷ መሪው ጋ፣ እሱ ከጎኗ። ነፋሱ ግራሩን ሲያንቀሳቅሰው ጥላው በመስታወቱ ላይ ይሮጣል። ያን እያዩ ዝም ብለው ትንሽ ከቆዩ፣ የሚሮጠው ጥላው ነው ወይስ መኪናዋ፣ መለየት ያቅታል። ዳባሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እመቤቴ፣ ወዴት ነው?" ይላል።

"ወደ ባሕር!"

"ፍሪሲዮኑን ርገጪ። አንደኛ ማርሽ። ቀስ ብለሽ ልቀቂ።"

ይሄዳሉ። የማርሳቢት ጉም ፊታቸውን ያርሰዋል። ኢሲኦሎ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። አናቱ ነጭ የሆነውን ተራራ በቀኝ ትተው፣ ናይሮቢን በሩጫ አልፈው፣ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳሉ። ዳባሶ ባሕር አይቶ አያውቅም። አላየሁም ማለት ግን ስላፈረ፣ "ባሕር ማለት ዲዳ ጋልጋሉ ነው፤ ድንጋዩን አንስተሽ ውሃ ሙዪበት" ይላታል። ሐሴት አንዳንድ ቀን የጨዋማ ነፋስ ሽታ እውነት አፍንጫዋ ውስጥ ይገባ ነበር፤ እሱም ይሸተው ነበር፤ ማን እንዳመጣው ሁለቱም አያውቁም።

መመለሻው ቀላል ነው። በዚያች መኪና ዙሮ መመለስ የለም። ሐሴት ዓይኗ በእንቅልፍ መክበድ ሲጀምር፣ ዳባሶ ትንሿን እጇን በእጁ ይዞ የማርሹን ዘንግ ወደ ኋላ ይስበዋል። የኋላ ማርሽ። ባሕሩ፣ ናይሮቢው፣ ጉሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያልፍና ግራሩ ሥር ናቸው። ደስታነሽ በር ላይ ቆማ "ባሕረኞች! ራት!" ትላለች።

ደስታነሽ የዲላ ልጅ ናት፤ ቤቱን በአማርኛ የሞላችው እሷ ናት፤ ምላሷም እንደ ምላጭ ነው። ዶሮዎች መኪናዋን ማደሪያ አድርገው የኋላው ሳጥን ውስጥ እንቁላል ሲጥሉ፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ያንተ መኪና ላይ ግን እንቁላሉ ዶሮ ሆኖ፣ ዶሮዋም አርጅታ፣ መኪናዋ እዚያው ናት" አለችው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሐሴት ትምህርቷን ጨረሰች፣ የሞተር መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ የነጋዴ ፒክአፕ ስትነዳ ገበያው ቆሞ አየ። ከዚያ ድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ "ሚሊኒየም፣ ሚሊኒየም" በሚልበት ሰሞን፣ ከሶሎሎ ኦብሳ የሚባል አስተማሪ ሽማግሌ ላከ።

ልጁ ጨዋ ነው። ሐሴት ትወደዋለች፤ ስሙ ሲጠራ ፊቷን ማየት ይበቃል። ዳባሶ "እሺ" ለማለት አፉን ሲከፍት ጃርሶ በትራቸውን ተከሉ።

"ሀንዱራ አላት" አሉ። "አባቷ የተናገረውን እኔ ሰምቻለሁ። መኪናዋ ትሂድና ልጅቷ ትሂድ።"

ኦብሳ ግራ ገብቶት ወደ ግራሩ አየ። ቢጫ የነበረው ቀለም በፀሐይ ነጥቷል። የሸራ ጣሪያዋን ፍየል በልቶታል፤ ወንበሮቿ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ለወፍ ጎጆ ሄዷል። አፉን ያዘ። ቀጥሎ ግን ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ዳባሶ ልጁን የወደደው ያኔ ነው። ወዲያውም ጠላው።

ሥራውን የያዘው ነጅመዲን ነበር፤ ሐረር ተወልዶ፣ መኪና ሲከተል ሞያሌ የቀረ ፉንዲ፣ መካኒክ። ኮፈኑን የከፈተ ዕለት ንቦች ተቀበሉት። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ፣ በሌላው እያየ፣ "ሙዜ፣ ይህ ሞተር አይደለም፣ ቀፎ ነው" አለ፣ ዳባሶን በስዋሂሊ "አባባ" ብሎ አክብሮ። ማሩን ግን ወሰደ።

ፒስተኖቹ ተጣብቀው ነበር። ነጅመዲን ዘይትና ናፍጣ ቀላቅሎ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ አፈሰሰና "አሁን ዱዓ ነው" ብሎ ሄደ። ዳባሶ ጠዋት ማታ እየሄደ ሞተሩን በእጁ ሊያዞረው ይሞክር ነበር፤ ልክ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ። አንድ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ አንዲት ጣት ያህል ዞረ። ዳባሶ ጮኸ። ደስታነሽ እባብ የነደፈው መስሏት ዱላ ይዛ ወጣች።

ከዚያ ደግሞ ውድቀት። ፍራንሲስ የሚባል የከብት መኪና ሹፌር ከናይሮቢ ሲመለስ ዕቃ ያመጣላቸው ነበር፤ ነጅመዲን ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ በሞባይሉ ይጮሃል፣ ፍራንሲስም የሰማውን ያመጣል። ካርቡራተር ሲባል የውሃ ፓምፕ ካርቡራተር መጣ። ሞተሪኖ ሲባል ትክክለኛው መጣ፤ ግን ፍየሎች ሲተኙበት ከርሞ ሽታው ግቢውን ለቆ አልወጣም። የወለሉን ዝገት ቆርጠው በበርሚል ቆርቆሮ በየዱት፤ በበየዱ በሁለተኛው ቀን ያልተበየደው ጎን ተቀደደ። ኦብሳ በየዕረፍቱ ከሶሎሎ እየመጣ፣ ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ ሞልቶ ለተማሪዎቹ ጠመኔ ይይዝ ነበር። ሐሴት ወንበሮቹን በራሷ እጅ በቀይ ቆዳ ሰፋች። ቀለሙን ሲቀቡ ግን ቢጫው የሰናፍጭ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ጃርሶ አይተው "አሁን ላም መሰለች" አሉና በጣም ደስ አላቸው።

በመጨረሻ ሞተሩ የተነሳ ዕለት፣ ነጅመዲን ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ አስነጠሰች፣ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ዘፈነች። ዘፈነች ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ወፎች ከግራሩ ተነሱ። ሐሴት ኦብሳን እጁን ይዛ ዘለለች፤ አባቷ እዚያው መኖሩን ረሳች።

ዳባሶ እጇን አየ። ያቺ ማርሹን አብራው ትስበው የነበረች እጅ የሰው እጅ ይዛለች። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን መኪናዋ ሁለተኛ ባትነሳ ደግ ነበር ብሎ ተመኘ። ተመኘ ብቻም አይደል። ሰዉ ሊበላ ሲገባ ኮፈኑን ከፈተ፤ ኮረንቲ ከሚያከፋፍለው ክዳን ሥር አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ቁራጭ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ያለ እሷ ሞተሩ አይነሳም።

መኪናዋ ዝም አለች። ነጅመዲን ካንዴላ ቀየረ፣ ነዳጁን አጠራ፣ ባትሪውን ተሳደበ። ክዳኑን ለመክፈት በተነሳ ቁጥር ዳባሶ "እሱን እኔ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው" ይለዋል፤ ሙዜ ደህና ነው ካለ ልጅ ምን ይላል? ኦብሳ እየከሳ መጣ። ሐሴት ሳቅ አቆመች። ዳባሶ ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት ብቻውን መኪናዋ ውስጥ ይገባል፤ ጥላው በመስታወቱ ላይ ሲሮጥ እያየ ባሕሩን ይፈልጋል። ባሕሩ አልመጣም። ኢሲኦሎ እንኳ አልደረሰም። የሚያየው የገዛ ቤቱን ግድግዳ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ቀረበ። ሩዝ በሥጋ። ዳባሶ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ሳህኑን አየ። ከሩዙ አናት ላይ ጥቁሯ ቁራጭ ተቀምጣለች።

"ሱሪህን ሳጥብ ኪስህ ውስጥ አገኘኋት" አለች ደስታነሽ። "ሥጋ መሰለችኝ። ብላ እንጂ።"

ሐሴት ከፊት ለፊቱ ነበረች። የነጋዴ ፒክአፕ ስትነዳና ስትጠግን ለኖረች ልጅ ነገሩን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። እጇን ሰድዳ ቁራጯን ከሩዙ ላይ አነሳች፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገቻት፣ መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት።

"አባ" አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። "ቃሉ ያንተ ነው። ቃልህን ብለህ ብታስቀረኝ እቀር ነበር። መኪናዋ ግን የእኔ ናት። ሳታስፈቅደኝ ነካሃት።"

ዳባሶ ብዙ ክፉ ነገር ተብሎ ያውቃል፤ የፖሊስ ስድብ፣ የነጋዴ ስድብ፣ የደስታነሽ ስድብ። እንዲህ የወጋው ግን አልነበረም። የልጁን ሀንዱራ የነካ ሰው። ሌላ አባት ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ግን ራሱን አቀርቅሮ፣ "ሰርቄሻለሁ" አለ። "መሄድሽን ፈርቼ ነው። ይቅር በዪኝ።"

ሐሴት ተነስታ ከኋላው አቀፈችው። እንባዋ አንገቱ ላይ ሲወርድ ተሰማው። ደስታነሽ ፊቷን አዙራ፣ "ሩዙ ቀዘቀዘ" አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ልማዱ አልነበረም።

ከዚያች ቀን በኋላ ዳባሶ ራሱ መኪናዋ ሥር ገብቶ ውሎ ያድር ጀመር። የቀረው የተሰበረው ካምቢዮ ብቻ ነበር። ነጅመዲን የድሮውን ፈታታ፣ ፍራንሲስ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ያመጣውንም ፈታታ፣ ሁለቱን አንድ አደረገ። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማዎቿን በአየር ላይ እያዞረ ማርሾቹን አንድ በአንድ ሞከረ። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛም አራተኛም ገቡ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረና እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ሙዜ፣ ሪቨርስ ሐኩና" አለ። "የኋላ ማርሹ ጥርስ ከሁለቱም አልተገኘም። ወደ ፊት ብቻ ነው የምትሄደው።"

ኦብሳ በዚያ ነበር፤ ሊያለቅስ ደረሰ። ዳባሶም ከልቡ ነው የደነገጠው፤ ይህን ጊዜ ተንኮል አልነበረበትም። "የኋላ ማርሽ በሌላት መኪና ልጄን አላሳፍርም" አለ። "ሌላ ካምቢዮ ይምጣ። እስከዚያ እንቆይ።"

ሐሴት ግን ሳቀች። "ሙሽራ የኋላ ማርሽ ምን ያደርግላታል?" አለች።

ነጅመዲን ሳቀ፣ ኦብሳ ሳቀ፣ ጃርሶ እንኳ "እውነቷን ነው! ሀንዱራ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይወልድም" ብለው ሳቁ። ዳባሶ ከሁሉ በኋላ ሳቀ። ሲስቅ የልጅነት እጇን በእጁ ውስጥ ሆና አያት፤ ዘንጉን አብራው ስባ ከዓለም ዳር ቤት ድረስ በአንድ ጊዜ ትመልሳቸው የነበረችውን። ሐሴትም ሳቋን ስትጨርስ አየችው፤ እሷም እዚያው ትዝታ ውስጥ ነበረች።

የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። በዕለቱ ጠዋት ሶሎሎ ድረስ አጃቢ የሚሆን የጭነት መኪና በር ላይ ቆመ፤ ምናልባት ቢጫዋ መንገድ ላይ ብትለግም ጎትቶ ያደርሳታል። መኪናዋን ነጅመዲን ለመንገዱ ብሎ በወፍራም ባሌስትራ ከፍ አድርጓታል፤ ጎማዎቿ አዲስ ናቸው፤ ኮፈኗ ላይ አበባ ታስሯል። ዳባሶ በተናገረው ቃል መሠረት፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም አንዲት ስንዝር አላንቀሳቀሳትም፤ የመጀመሪያው መንገዷ የባለቤቷ መንገድ ነው። ሐሴት ነጭ ለብሳ መሪውን ያዘች። ኦብሳ ከጎኗ ተቀመጠ። እልልታው ቀለጠ። ቁልፉን አዞረች፣ ሞተሩ ዘፈነ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ እጇን ማርሹ ላይ አደረገችና ቆመች።

ከፊት ለፊቷ የቤቱ ግድግዳ ነው። አንድ ክንድ አይሞላም።

ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ገባው። ያን ሁሉ ጊዜ ሞተር ሲፈታ፣ ቀለም ሲመረጥ፣ ካምቢዮ ሲጠበቅ፣ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሉሃል ይህ ነው። ነጅመዲን ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ።

"እኔ እገፋለሁ" አለ ኦብሳ፣ በሩን ከፍቶ ሊወርድ።

"ተቀመጥ!" አለ ዳባሶ።

ሌሎቹም መጡ፤ ሁሉንም በእጁ ከለከላቸው። አዲሱን ሸማ ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ በግድግዳውና በመኪናዋ መሀል ወዳለችው ጠባብ ቦታ ገባ። ጀርባውን ከቤቱ አስደግፎ ሁለት እጁን ሰናፍጭ መልክ ባላት ኮፈን ላይ አደረገ። ሞተሩ ከመዳፉ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሞቅም ነበር። ቀና ሲል ሐሴት በመስታወቱ ውስጥ፣ ፊት ለፊቱ ናት። የግራሩ ጥላ በፊቷ ላይ ይሮጣል።

"እመቤቴ" አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። "ወዴት ነው?"

አፏ ተንቀሳቀሰ። ሞተሩ ቢሸፍነውም ምን እንዳለች ያውቃል።

"እንግዲያው ማርሹን ነፃ አድርጊ" አላት። "ፍሬኑን ልቀቂ።"

ለቀቀች። ዳባሶ እግሩን ከቤቱ ግድግዳ ላይ ተክሎ ገፋ። መጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለች። ደግሞ ገፋ፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን፣ ሹፌርነቱን፣ ሸሽጎ ያስቀራትን ቀን ሁሉ ጨምሮ ገፋ። ጎማዎቹ ዞሩ። ከግራሩ ጥላ ወጣች፤ ወደ ፀሐዩ፣ ወደ በሩ። ልጁ ፊቷን ወደ እሱ እንዳደረገች፣ በገዛ እጁ እየገፋት፣ ከእሱ ራቀች። እሷ ታለቅስ ነበር፤ እሱም ያለቅስ ነበር፤ ማንም እንዳያለቅሱ አልነገራቸውም።

በሩ ጋ ስትደርስ መሪውን ጠመዘዘች። አንደኛ ማርሽ ገባ። ቀስ ብላ ለቀቀች፣ እንዳስተማራት። ቢጫዋ መኪና አፍንጫዋን ወደ ሶሎሎ መንገድ አዙራ፣ አቧራዋን አስነስታ ሄደች፤ የጭነት መኪናው ሠርገኛውን ጭኖ ተከተላት። እልልታው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ነፋሱ ብቻ ቀረ። ከግራሩ ሥር አራት ድንጋዮች ነበሩ፤ መሀላቸው ያለው መሬት ያን ሁሉ ዘመን ፀሐይ አላየም ነበርና መልኩ ሌላ ነው።

ዳባሶ ገፍቶ በቆመበት ቦታ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት እንደዘረጋ ቀረ። መዳፉ ላይ የሞተሩ ሙቀት ገና አልለቀቀውም።

ደስታነሽ መጥታ ከጎኑ ቆመች። ይህን ጊዜ አላሾፈችበትም።

"በቃ፣ ሄዳለች" አለችው። "እጅህን አውርድ።"